በገደል አፋፍ የተቀለሰችው የእትዬ ውዴ ጎጆ

ልጅ እያለሁ በዓመት ለሁለት ወር ያህል ሁለት ቤት ነበረን። አንደኛው መንደር ውስጥ ያለው፣ ሰውም ከብትም የሚያድርበት የአባቴ ቤት ነው። ሁለተኛዋ ከጥቅምት መባቻ እስከ ገብስ አጨዳ ብቻ የምትቆም፣ ከአምባራስ በታች ገደሉ አፋፍ ላይ የምትቀለስ ትንሽ ጎጆ ነበረች። የቀለሰቻት አክስቴ እትዬ ውዴ ናት፤ የአባቴ ታላቅ እህት። ሰው ስላደገበት ቤት ሲያወራ እኔን ቀድማ ትዝ የምትለኝ ይህቺ ጎጆ ናት። የእርጥብ ጓሳ ሣር፣ የበግ ቆዳና የኩበት ጭስ የተቀላቀለበት ሽታዋ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

የደጋ ልጅ የሆናችሁ የዚያን ጊዜ የጥቅምት ጠዋት አትረሱትም። ሣሩ ላይ ያደረው ውርጭ ስንረግጠው እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። ቅል ውስጥ ያደረው ውሃ ከላይ ስስ በረዶ ያወጣል፤ እሱን በጥፍራችን ፈልቅቀን እየመጠጥን ትልቅ ሰው ሲያየን እንውጠዋለን። «ጥርስሽ ይረግፋል» ይሉን ነበር። ይኸው ጥርሴ አለ።

የእትዬ ውዴ ባል የሞተው ልጅ ሳይወልዱ ነው። የቀራት ነገር ቤቷና ገደሉ ጥግ ያለችው አንዲት የገብስ ማሳ ነበር። የማሳዋ አፈር ጥሩ ነው፤ ጎረቤቷ ግን ክፉ ነበር። ገደሉ ግድግዳ ላይ የሚያድሩት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ፀሐይ ሞቅ ሲላት እየተንጠላጠሉ ወደ ላይ ሲወጡ መጀመሪያ የሚያገኙት የእሷን ገብስ ነው። ባሏ በሞተ ዓመት ግማሹን በሉባት፤ የተረፈውም እስከ ፋሲካ አላደረሳት። ያን ጊዜ አባቴ ቁርጡን ነገራት። «እታለም፣ የዝንጀሮ ጥበቃ የሴት ሥራ አይደለም። ማሳውን ለእኩል አራሽ ስጪና ቤቱን ዘግተሽ እኛ ዘንድ ግቢ» አላት። ክፋት አልነበረበትም፤ እህቱን ስለሚወድ ነው። እሷ ግን የራሷ ምድጃ ቀዝቅዞ የሰው ምድጃ ጥግ መቀመጡን አልፈለገችም። «ይህን ዓመት ብቻ ተወኝ። ዘንድሮም ካስበላሁት ያልከኝን አደርጋለሁ» አለችው። አባቴ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያለ አጉረምርሞ ተዋት። እኔ የምማረው ከሰዓት ፈረቃ ስለነበር ጠዋት ጠዋት እንዳግዛት ተሰጠኋት። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ሴት ጎጆ ስትቀልስ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። በእኛ አገር ሴት ግድግዳ ትመርጋለች እንጂ ቤት አታቆምም። እትዬ ውዴ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ እንጨት ሳትነካ ማሳው ዳር እየዞረች አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ እየተቀመጠች ታዳምጥ ነበር። ያበደች መስሎኝ ነበር። በአራተኛው ቀን አንድ ቦታ መረጠችና ድንጋይ በክብ መደርደር ጀመረች፤ ነፋስ ከሥር እንዳይገባ እስከ ጉልበት የሚደርስ ካብ ነው። በካቡ ውስጥ የአስታ እንጨት ተከለች፤ ጫፉን አጉብጣ በጓሳ ገመድ አሰረች። ገመዱን የገመድኩት እኔ ነኝ፤ መዳፌ ተልጦ ነበር። ክዳኑንም ጓሳውን ከታች ጀምራ ወደ ላይ እያነባበረች ከደነችው። ስትጨርሰው ለአንድ ሰው ተኩል የምትበቃ ጎጆ ሆነች። «ሰፊ ጎጆ ማን ያሞቀዋል? ጠባብ ከሆነ ገላችን ያሞቀዋል» አለችኝ።

ካቡ እንዳለቀ ገና ክዳን ሳይኖራት ወለሉን ማሰናዳት ጀምራ ነበር። ከታች ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ከላዩ ደረቅ ጓሳ፣ ከዚያ በላይ አጎዛ። ጎረቤታችን አያ ዳኘው በሬዎቹን እየነዳ ሲያልፍ አያትና ቆሞ ሳቀ። «መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ!» አላት።

«ከእነሱ ጋር ልከርም አይደል አያ ዳኘው? ጠባያቸውን ልልመድ እንጂ» አለችው። እሱም እሷም እስኪደክማቸው ሳቁ። እኔና እትዬ ውዴ ስንቀመጥባት ግን ብርድ የሚገባው ከመሬት መሆኑን አየሁ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ስለ ብርድ ሲያወራ እኔ ወለል ወለሉን ነው የማየው።

ሳቁ የበረደው በሩ ጉዳይ ላይ ነው። ነፋሱ የሚመጣው ከገደሉ ነው። የመንደሩ ጠባቂ ሁሉ የጎጆውን ጀርባ ለገደሉ ሰጥቶ በሩን ወደ መንደሩ ያዞራል፤ እሳቱም አይጠፋም፣ ፊትም አይገረፍም። እትዬ ውዴ በሩን ወደ ገደሉ አፍ አዞረችው። አያ ዳኘው ሊመክራት ቢሞክር «ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው» ብላ በፈገግታ አሰናበተችው። ለእኔ ግን ነገሩን አስረዳችኝ። «ጉም ሲወርድ ዓይን ሥራ ይፈታል። ያኔ የምንጠብቀው በጆሮ ነው። እነሱ ሲመጡ አይጮሁም፤ ሣር ሲነጩ ጭርር የሚል ድምፅ አለ። በሩ ወደዚያ ካልተከፈተ ያን ድምፅ ማን ይሰማዋል?» አለችኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ስታዳምጥ የነበረውም ያ ድምፅ ከየት በኩል ጥርት ብሎ እንደሚሰማ ለማወቅ ኖሯል። ያን ጊዜ በልቤ ከመምህሬ በላይ አደረግኳት።

የጎጆዋን ዕቃ አቀማመጥ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ መናገር እችላለሁ። ከበሩ በስተቀኝ ጅራፍ፣ በእጅ ቁመት ተሰቅሎ። በስተግራ ወንጭፍ፣ ከሥሩ እንቁላል የሚያካክሉ የተመረጡ ጠጠሮች። ከኋላ በገል የተቀመጠ ፍም፣ አመድ ለብሶ። ኩበቱ እንዳይረጥብ ከክዳኑ ሥር ሽቅብ ተሰክቷል። በሶው በስልቻ፣ ጨው በጨርቅ ቋጠሮ፣ ውሃው በቅል። አንድም ነገር ቦታውን አይለቅም። አንዳንዴ በድንገት «ዓይንሽን ጨፍኚ፤ ጅራፉን!» ትለኛለች፤ እጄ ካልደረሰበት ትስቅብኛለች። በሶም በአንድ ሰዓት አንበላም ነበር። አንድ ቀን ማለዳ፣ አንድ ቀን ረፋድ። ዝንጀሮ የሰው ምሳ ሰዓት ያውቃል ትላለች፤ እውነቷን ነው፣ ያውቃል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ልታለቅስ ደርሳ ነበር። ጭላዳዎቹ ሴት አይፈሩም። አያ ዳኘው ብቅ ሲል ገደል ለገደል ይበተናሉ፤ እሷ ጅራፍ ስታጮህ ግን ጎፈራሙ አውራ ቀና ብሎ ያያትና ገብሱን ማኘኩን ይቀጥላል። የሟች ባሏ ጥቁር በርኖስ ቤቷ ውስጥ ተሰቅሎ ነበር። ብትለብሰው እንደሚሆን ገብቷታል፤ ሴት የወንድ ልብስ መልበሷን ግን ፈራችው። የነፍስ አባቷን ቄስ ሞላን ልትጠይቃቸው ሄደች፤ እኔም ከኋላዋ ነበርኩ።

«አባ፣ ኦሪቱ ይከለክላል ይባላል። ገብሴን ልተው ወይስ ልልበሰው? እርስዎ ይፍረዱልኝ» አለቻቸው።

ቄስ ሞላ ጢማቸውን አሻሹ። «ያ ቃል የተጻፈው ሰው ሰውን እንዳያታልል ነው» አሉ። «ዝንጀሮን ስለማታለል የተጻፈ እኔ አላነበብኩም። ባልሽም ቢኖር እሱኑ ለብሶ እዚያው ነበር የሚቆመው። ማሳው ላይ ልበሺው፤ ዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ስትረግጪ ግን በነጠላሽ።»

በማግሥቱ በርኖሱን ደርባ ስትቆም ጭላዳዎቹ እንደ ቅጠል ወደ ገደሉ ረገፉ። መንደሩ አንድ ሳምንት ሳቀባትና ተወው። ጥቅምት አለቀ፣ ኅዳር ገባ፤ ገብሱም ከዚያ ወዲህ አንድ ዘለላ ሳይጎድልበት ነጣ።

በደሉን የሠራሁት እኔ ነኝ። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነበር። እትዬ ውዴ ዝክር ስላለባት ማለዳ ነጠላዋን ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ እስክትመለስ እንድጠብቅ በርኖሱን ለእኔ ተወችልኝ። «ትከሻሽ ላይ ጣይውና በሩ ላይ ቁሚ» ነው ያለችኝ። ጉም ወርዶ ነበር። ነፋሱ ፊቴን እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል፣ ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ትንሽ ልሙቅ ብዬ በርኖሱን እንደ መጋረጃ በሩ ላይ ሰቀልኩት። ወዲያው ጎጆዋ ሞቀች። ፍሙን ገለጥኩ፣ አጎዛው ላይ ተጠቀለልኩ። ልጅ ምን ያውቃል? የመንደራችን ጠባቂ ሁሉ የሚያደርገውን ነው ያደረግኩት፤ መጋረጃው ግን ጎጆዋን ምቹ፣ ጆሮዬን ደንቆሮ አደረገ።

የቀሰቀሰኝ የአባቴ ጩኸት ነው። እትዬ ውዴ ማሳው ለአጨዳ መድረሱን ልታሳየው ከቅዳሴ በቀጥታ ይዛው መጥታ ኖሯል። በርኖሱን ገልጬ ስወጣ ጉሙ ስንጥቅ ብሎ ማሳው ውስጥ ዝንጀሮ ብቻ አየሁ። እትዬ ውዴ በነጭ ነጠላዋ እየጮኸች ገብሱን ሰንጥቃ ስትሮጥ ዞር ብለው አዩዋት፤ የተንቀሳቀሰ የለም። አባቴ በዕለቱ ዱላ እንኳ አልያዘም፤ ከላይ ካለው እርከን ላይ በጉም እንደተሸፈነ ደርቆ ቀረ። እሷ ጎጆዋ ጋ ስትደርስ ሳትመለከት በግራ እጇ በርኖሱን፣ በቀኝ እጇ ጅራፉን ነጠቀች። ደርባው ዞረችና ጅራፏን ሦስት ጊዜ አጮኸች። ገደሉ መልሶ ጮኸ። አውራው ጎፈሩን ነስንሶ አንዴ ጥርሱን አሳያት፤ እሷ ወደ እሱ ሄደች። ወደ ኋላ ያለው እሱ ነው። ከዚያ ሁሉም እየተንደረደሩ ገደሉ ውስጥ ገቡ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያኮራኝ ሰው የለም፤ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበትም ጊዜ የለም።

በገደሉ በኩል አንድ አውድማ የሚያህል ቦታ ራቁቱን ቀርቷል። አባቴ እኔ ላይ ዞረ። «ምን ስትሠሪ ነበር አንቺ?» ብሎ እጁን አነሳ።

«ተዋት» አለችው እትዬ ውዴ እያለከለከች። «ጎጆውን ለአንድ ሰው ተኩል ሠርቼ ግማሿን ብቻዋን ጥዬ የሄድኩት እኔ ነኝ።»

አባቴ ጎንበስ ብሎ ጎጆዋ ውስጥ ገባና አጎዛው ላይ ተቀመጠ። ፊቱን ከገደሉ ለሚገባው ነፋስ ሰጥቶ አዳመጠ። እኔ ከውጭ ሆኜ «ካስበላሁት» ያለችውን ቃል አስብ ነበር፤ በእኔ ጦስ ቤቷ ሊዘጋ ነው። አባቴ ሲወጣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ነፋሱ ነው አለ። ከዚያ ማሳውን አየ፣ እህቱን አየ፤ «እንግዲህ አጨዳውን መቼ ትይዋለሽ እታለም? ወንፈሉን ልጥራልሽ» አላት። ስለ እኩል አራሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ አንስቶ አያውቅም። በዓመቱ ጥቅምት ሲገባ ማንም ሳይጠይቀው የአስታ እንጨት ተሸክሞ ገደሉ አፋፍ ላይ አራገፈላት። በሩ በየት በኩል እንደሚሆን ግን አልተናገረም።

ዛሬ የጥበቃ ጎጆ ላስቲክ ሸራ ነው። ጠባቂው ስልኩ ላይ ዘፈን ከፍቶ ይቀመጣል፤ ዝንጀሮዎቹም ካሜራ ለምደው ሰው አጠገብ ሣር ይነጫሉ። እኔም እንደ እንግዳ ሰው ቆሜ ሳያቸው «እንዴት ያምራሉ» እላለሁ፤ ልጅ ሆኜ ይህን ቃል ብናገር በጅራፍ ነበር። እንደ ድሮው ጓሳ አነባብሮ የሚከድን ሰው አይቼ አላውቅም፤ ሙያው ከእትዬ ውዴ ጋር አብሮ የሚጠፋ እየመሰለኝ አንዳንዴ ሆዴ ይባባል።

እኔ ደባርቅ አስተማሪ ነኝ። ቤቴ የብሎኬት ነው፣ ልጆቼ የሚተኙት አልጋ ላይ ነው። እትዬ ውዴ አርጅታለች። ማሳዋን የጎረቤት ልጆች ተራ ገብተው ይጠብቁላታል፤ ቤቷ ግን ያው የራሷ ነው። አምና ኅዳር ላይ አንድ ክፍል አሰናዳሁላትና ፒካፕ ተከራይቼ ሄድኩ። መንገዱ እንዳይጎዳት ከኋላ ፍራሽ አንጥፌ ነበር። «እትዬ፣ ይህ ብርድ አይበቃሽም? ቤቱን ዘግተሽ እኛ ዘንድ ግቢ» አልኳት። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ደነገጥኩ። የአባቴ ቃል ነው፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ።

አልተቆጣችኝም። ጉንጬን በሻካራ መዳፏ ዳሰሰችና «ብርድ ብርድ አልሽኝ እንጂ ገብሴን አላየሽውም» አለችኝ። ለሹፌሩ ጠላ ቀዳችለት። ከዚያ እሱን ጠርታ ከጎታዋ ሥር የቆመ አንድ ጆንያ አስያዘችው። «ለልጆችሽ በሶ ይሁናቸው» አለች፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። በሯ ላይ ቆማ ሸኘችን። እሷ እንድትተኛበት ባነጠፍኩት ፍራሽ ላይ የገብሷ ጆንያ ተጋድሞ ደባርቅ ገባን።