ድንቹ ሳይጠቁር

አሰጋሽ በመካነ ሰላም ከተማ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ችብስ እየጠበሰች ስትሸጥ ብዙ ዓመት ሆኗታል። ወንድሟ ቄስ ተረፈ በድንገት ሲያርፉ አንዲት ልጃቸውን ማርያማዊትን ወስዳ ያሳደገችው በዚሁ መጥበሻ ነው። ልጅቷ ከትምህርት ስትወጣ ከአክስቷ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትበላ ነበር። የምትወደው ጠርዙ የጠቆረውን፣ ሲነከስ ቀጭ ቀጭ የሚለውን ነው። አሰጋሽም ለእሷ ብላ ጥቂቱን ዘይቱ ውስጥ ታቆይላት ነበር።

ማርያማዊት ደሴ ሄዳ የምግብ ሳይንስ ተማረች። ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም ከባልደረቦቿ ጋር ለጥናት ተመለሰች። ድንችና እህል በኃይለኛ እሳት ሲጠበስና ሲቆላ አክሪላማይድ የሚባል ጎጂ ነገር ይፈጠራል፤ የትምህርት ቤቱ ወጣቶች ከዚህ ነገር በየቀኑ ምን ያህሉን እንደሚበሉ ለመለካት ነበር የመጡት። ተማሪዎቹን መዘኑ፤ ትናንት ምን እንደበሉ፣ ስንት እፍኝ ቆሎ እንደቃሙ ጠየቁ። ጾም በመሆኑ ብዙዎቹ ጾማቸውን የሚፈቱት በችብስ ነበር። ከዚያ ከየሻጩ ናሙና ወሰዱ።

«ከእኔም ትወስጃለሽ?» አለች አሰጋሽ።

«እወስዳለሁ፣ እትዬ። የአንቱ ከቀረ ሥራው ጎደሎ ነው።»

አሰጋሽ ደስ አላት። የልጇን ያህል ያሳደገቻት ልጅ ነጭ ጋዋን ለብሳ ደጇ ቆማለች። ጭልፋዋን ሰዳ በደንብ የተጠበሰውን፣ ቡኒውን እየመረጠች ልትሰጣት ስትል ማርያማዊት እጇን ያዘቻት።

«አይምረጡልኝ። ለተማሪ የሚሰጡትን ነው የምፈልገው።»

«እኔ ለሰው ልጅ የምሰጠው ይህንኑ ነው» አለች አሰጋሽ፣ ቅር ብሏት።

ክረምቱ ሲገባ ማርያማዊት ብቻዋን መጣች። እራት ላይ እንጀራውን እየቆረሰች ሳትጎርስ መልሳ ታስቀምጠው ነበር። አሰጋሽ ነገር እንዳለ ገባት።

«ተናገሪ እንጂ ልጄ።»

«በጥናቱ የሻጭ ስም አይጻፍም። ከአንቱ ግን መደበቅ አልሆነልኝም። ከከተማው ናሙና ሁሉ የአንቱ ችብስ አክሪላማይድ ከበዛባቸው አንዱ ነው። ይበልጥ በጠቆረ ቁጥር ይበዛል።»

አሰጋሽ ሰሃኑን ገፋ አደረገችው። «እንግዲህ መርዝ ነው ያበላኋችሁ?»

«እንደሱ አይበሉ። አንድ ሰሃን በልቶ የሚታመም የለም። ዕድሜ ሙሉ ሲበዛ ግን ለካንሰር ያጋልጣል ተብሎ ይፈራል።»

«አንቺስ?»

«እኔ ደህና ነኝ።»

«አሁን አላልኩሽም፤ ወደፊትስ?»

ማርያማዊት ልትዋሽ ትችል ነበር። «አላውቅም፣ እትዬ» አለች። «ስለ አንድ ሰው ይህን ያህል ጎዳው ብሎ መናገር አይቻልም። የለካነው የሚበላውን ነው።»

አሰጋሽ አላለቀሰችም። ተነሥታ መጥበሻውን ጓዳ አስገባችው። ለቀናት ቤቷ ዋለች፤ ጎረቤት ታማለች ብሎ ሊጠይቃት መጣ። ለልጅቷ ታቆይላት የነበረው ጥቁር ጥቁሩ ከዓይኗ አልጠፋ አላት። በፍቅር ያደረገችው መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አንገበገባት።

ማርያማዊት ግን ሥራውን ይተዉት አላለቻትም። ድንች ገዝታ መጣችና ግቢው ውስጥ አብረው ይሞክሩ ጀመር። የተከተፈውን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማቆየት፣ አጥልሎ ማድረቅ፣ እሳቱን መቀነስ፣ ወርቅማ ሲሆን ማውጣት። መጀመሪያ ዘይት ጠጥቶ ልፍስፍስ አለባቸው። ቀጠን አድርገው ሲከትፉት ተሻለ።

ትምህርት ሲከፈት ሊድያ የምትባል ተማሪ ሰሃኗን መለሰችላት። «ይኼ አልበሰለም፣ እትዬ አሰጋሽ። እንደ ድሮው ትንሽ ያቆዩልኝ።»

«አላቆይልሽም።»

«ለምን?»

«ሲጠቁር ለጤና የማይበጅ ነገር ይፈጠርበታል። ሳላውቅ ለራሴም ልጅ ሳቆይላት ኖሬያለሁ።»

ልጅቷ ትከሻዋን ነቅንቃ ከመንገዱ ማዶ ችብስ ወደምትጠብሰዋ የዓለምዘርፍ ሄደች። ሌሎችም ተከተሏት። አሰጋሽ በነጋታው የዓለምዘርፍ ዘንድ ሄዳ የሰማችውን ሁሉ ነገረቻት። «ደንበኛ ሲሸሽሽ ነው ይህ የመጣው» አለቻት የዓለምዘርፍ። አሰጋሽ አልተጣላችም፤ ሌላ ቀን ደግማ ሄዳ አሠራሩን አሳየቻት። አሁን ሁለቱም ይዘፈዝፋሉ፤ የዓለምዘርፍ ግን በገበያ ቀን ሰው ሲበዛባት እሳቱን ከፍ ታደርገዋለች።

ማርያማዊት ከአሰጋሽ ችብስ እንደገና ናሙና ወስዳ ነበር። ውጤቱን ለአክስቷ በስልክ ነገረቻት፤ በጣም ቀንሷል፣ ፈጽሞ ግን አልጠፋም።

«የቀረውስ በምን ይጠፋል?»

«ከተጠበሰ ይኖራል፣ እትዬ።»

አሰጋሽ አሰበችበት። ከመጥበሻው ጎን ሌላ ድስት ጥዳ ድንች ትቀቅል ጀመር፤ በሚጥሚጣና በሎሚ። መጀመሪያ የገዙት መምህራኑ ናቸው፤ ከዚያ ጥቂት ተማሪዎች። ወደ አሰጋሽ የተመለሰችው ሊድያ ግን እስካሁን የተጠበሰውን ነው የምትበላው፤ ወርቅማውን።