ለባልደረባዬ ቀብር የጻፍኩት የሕይወት ታሪክ

የካ ውስጥ ባለ አንድ የምርምር ተቋም ሦስታችን አንድ ቢሮ ነበረን። እኔ የከተማ ፖሊሲ አጠናለሁ፤ መንገድ ሲሰፋና ሰፈር ሲነሳ ነዋሪው የት እንደሚገባ፣ እንዴት እንደሚኖር። ሁለተኛው የመከላከያ ኢንዱስትሪ ኢኮኖሚ ነው ሥራው፤ መሣሪያ የሚያመርት ፋብሪካ አገርን ምን ያስወጣል፣ ምን ያስገባል ይላል። ሦስተኛው የያዘው ንጹሕ ሒሳብ ነበር። ንጹሕ የተባለው ጥቅም የሚባል ነገር ስላልነካው ነው እያልን እናሾፍበት ነበር፤ እሱም ይስቃል። ስለ እኔ ሥራ የታክሲ ረዳት ሳይቀር አስተያየት አለው። ኢኮኖሚስቱ ሲጠየቅ ወሬ ይቀይራል። የሒሳቡን ሰው ግን የሚጠይቀውም አልነበረም።

ባለፈው ክረምት ታመመና ወር ሳይሞላው ሞተ። አላገባም፣ አልወለደም።

የቀብሩ ዕለት ጠዋት አያት ሰፈር ካለው ቤቴ ተነስቼ እንጦጦ ማርያም አጠገብ ወደሚገኘው የአባቱ ቤት ወጣሁ። አባቱ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ እሱም አንድ ልጃቸው ነበር። እኔንና ኢኮኖሚስቱን ከድንኳኑ ወደ ጓዳ ጠርተው፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድንጽፍላቸው ለመኑን። ትውልዱንና ትምህርቱን እየነገሩኝ ጻፍኩ። ሥራው ላይ ስደርስ እጄን ያዙኝ።

መከላከያ ነው የሚሠራው ብለሽ ጻፊ አሉኝ። ጎረቤት ልጅህ ምን ይሠራል ባላቸው ቁጥር አላውቅም ማለት አፍረው፣ የመከላከያ ጉዳይ ነው፣ አይወራም ሲሉ ኖረዋል። ሰፈሩም በዚህ ያከብራቸው ነበር። ዛሬ ሌላ ነገር ከተነበበ ልጃቸውን በሚቀብሩበት ቀን ውሸታም ሊባሉ ነው። እውነተኛው የመከላከያ አጥኚ አጠገቤ አንገቱን ደፍቶ፣ ጻፊላቸው፣ ማንን ይጎዳል አለኝ።

እኔ ቁጣ ይቀናኛል። በሕይወት ሳለ ማንም አላወቀው፤ ሞቶ ደግሞ ሌላ ሰው ልናደርገው ነው? አልጽፍም አልኩ። ድምፄ ለሐዘን ቤት አይሆንም ነበር። ኢኮኖሚስቱ በክርኑ ጎሸመኝ።

አባትየው አልተቆጡም። "እንግዲያው አንቺ ንገሪኝ፤ ልጄ ምን ነበር የሚሠራው?" አሉኝ።

የቻልኩትን ያህል ነገርኳቸው። ቁጥሮች ውስጥ አንድ ዓይነት አሰላለፍ አለ፤ ጥያቄው የሆነ ቦታ ላይ ያበቃል ወይስ ለዘላለም ይቀጥላል የሚል ነው። ዓመታት ለፋበት። አንድ ጊዜ ያገኘው መስሎት ኬክ ገዝቶ አበላን፤ ከዚያ ግን መሐል ላይ አንድ ስህተት አገኘ። በእኔ ሥራ ጥቂቱ ቢሳሳት የቀረው ጸንቶ ይቆማል፤ በእሱ ሥራ ግን አንዷ እርምጃ ከፈረሰች ሁሉም ይፈርሳል። እንደገና ጀመረው፤ ሰውዬው ግን እንደ ድሮው አልሆነም።

"በመጨረሻ አገኘው?"

"አላገኘውም፣ አባባ።"

"ይከፋው ነበር?"

"በጣም።"

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። "እሑድ እሑድ እየመጣ ሳያናግረኝ በልቶ ይሄዳል። በእኔ የተቀየመ ነበር የመሰለኝ። ምን በድዬው ነው እያልኩ አስባለሁ። ለመስከረም ሽማግሌ ልልክበት ነበር፣ ጥፋቴን እንዲነግረኝ።"

አባት በልጁ ላይ ሽማግሌ ሊልክ! ልጃቸው ለእኛ ይለን የነበረውን ነገርኳቸው። ባዶ እጄን አባቴ ፊት መቀመጥ ይከብደኛል፣ እሑድ ሲመጣ ግን ሌላ የትም መሄድ አያሰኘኝም ይል ነበር። ይህን ሲሰሙ አለቀሱ። እኔም፣ ኢኮኖሚስቱም አለቀስን።

ውጭ የዕድሩ ሰዎች አስከሬን ሊወጣ ነው እያሉ ይጣሩ ጀመር። የሒሳብ ተመራማሪ ነበር፤ የያዘው ጥያቄ ሳይፈታለት ሞተ ብዬ ጻፍኩ። ብዕሬ አላቆም ብሎ፣ ዝምታው ጥያቄው ከብዶት እንጂ በአባቱ ተቀይሞ አልነበረም የሚል ጨመርኩበት። ወዲያው ይህ በሕዝብ ፊት የሚነበብ አይደለም ብዬ ሰረዝኩት።

አባትየው መነጽራቸውን አድርገው ከጎኔ ሲያነቡ ኖሯል። ጣታቸውን የተሰረዘው ላይ አሳረፉ።

"እሱን መልሺው" አሉኝ።