ሳልተረጉምላቸው የቀረሁት

ኮሮና ከመግባቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ አምቦ ውስጥ ግብርና ቢሮ እሠራ በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ጠዋት ኃላፊዬ አስጠራኝ። ከዝዋይ አንድ የወይን ባለሙያ መጥቷል። ሰውዬው ኦሮምኛ አይችልም፤ ጉደር ይዤው ሄጄ እንዳስተረጉምለት ታዘዝኩ።

ጉደር ላይ ድሮ የወይን እርሻ ነበር። እርሻው ሲነሳ ሠራተኞቹ አንዳንድ ግንድ ወደየጓሯቸው ወስደው ተክለዋል። ባለሙያው የፈለገው እነዚያን ዘሮች ማየት፣ ቀዩ ወይን ድሮ ከምን ከምን ይደባለቅ እንደነበር መጠየቅ ነው። እኔም እርሻው ላይ ወይን ሲገርዙ ወደኖሩ አንድ ሽማግሌ ቤት ወሰድኩት። በዓይን እንጂ በቅርበት አላውቃቸውም ነበር።

ሽማግሌው ከጓሯቸው ሁለት ዘለላ ቆርጠው አስቀመሱን። በኦሮምኛ ሲናገሩ እየተከተልኩ ወደ አማርኛ መለስኩለት።

«ቀይ ወይን ከአንድ ዘር አይወጣም። ይሄኛው መልክ ይሰጣል፤ ብቻውን ግን ምላስ ይይዛል። ያኛው ይጣፍጣል፤ ብቻውን ከሆነ ውሃ ነው። ሁለቱን ማስማማት ነው ሥራው።»

ባለሙያው ደስ ብሎት ይጽፋል። ምሳ ሰዓት አልፎ ሾፌሩ ክላክስ ማድረግ ጀመረ። ልንሰናበት ስንል ሽማግሌው ክንዴን ያዙኝ።

«ኢልማኮ፣ ልጄ፣ እርሻው ሲነሳ በእጄ የቆረጥኩትን ቅርንጫፍ በመኪና ጭነው ወደ ዝዋይ ወስደውታል። ምን እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ። በመኪናቸው ይውሰዱኝ በለው። መመለሻውን በአውቶቡስ እችላለሁ።»

ባለሙያው «ምን አሉ?» አለኝ።

«መልካም መንገድ ይሁንላችሁ ነው የሚሉት» አልኩት።

ለምን እንዲያ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ርቦኝ ነበር። ከዚያም በላይ ግን አፈርኩ። ከአዲስ መኪና የወረደ እንግዳ ፊት የአገሬ ሰው የሚለምን መስሎ ታየኝ። ለሽማግሌው ደግሞ ዞሬ «እናስብበታለን ብሏል» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና «እሺ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ጉደር ገበያ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር ይጠይቁኛል ብዬ እሳቀቃለሁ። እሳቸው ግን ስለ ልጆቼ ጠይቀው፣ መርቀውኝ ያልፋሉ። ኮሮና መጣ፤ መንገዱም ሰላም የማይሆንበት ጊዜ መጣ። እኔም በዚያ አሳብቤ ዝም አልኩ።

ሽማግሌው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ፣ ከአልጋም አይነሱም ሲሉኝ አላስችል አለኝ። ቤታቸው ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩና በኦሮምኛ ሁሉንም ነገርኳቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝ። የመለሱልኝ በአማርኛ ነው።

«አውቃለሁ። ስትለው ሰምቻለሁ።»

ደነገጥኩ። «አባቴ፣ አማርኛ ይሰማሉ?»

«ከአለቆቻችን ጋር ስንት ዘመን ኖርኩ! መናገሩ ላይ አፌ ይተሳሰራል እንጂ እሰማለሁ።»

«ታዲያ ለምን ራስዎ አልነገሩትም?»

«አንተ የተማርክ ነህ። ነገሩ የማይጠየቅ ባይሆን ኖሮ አይተወውም ነበር አልኩ።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የባለሙያውን ስልክ ፈልጌ ደወልኩለት። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት።

«ያኔ ለምን አልነገርከኝም? የኋላው ወንበር እኮ ባዶ ነበር» አለ።

በሳምንቱ ዝዋይ በወይኑ መስመሮች መሃል እየሄደ በስልኩ የቀረጸውን ቪዲዮ ላከልኝ። ወስጄ አሳየኋቸው። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ቀይ አፈር፣ ሽቦ ላይ የተዘረጋ ወይን፣ ከሩቅ ደግሞ ሐይቅ ይታያል።

«ረጅም አድርገው ነው የሚገርዙት» አሉ ቅር ብሏቸው። ከዚያ «መልሰው» አሉኝ። መለስኩት። ሦስት ጊዜ አዩት።

«ከኛው ቅርንጫፍ የወጣው የትኛው ነው?»

ባለሙያውን ይህን አልጠየቅኩትም ነበር። «አላውቅም፤ ጠይቄ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው።

ጠየቅኩት። እሱም ከአሮጌዎቹ ሠራተኞች ጋር ተነጋግሮ፣ ከሐይቁ ወገን ያለው ማሳ ሳይሆን እንደማይቀር ነገረኝ። መልሱ የደረሰኝ ሽማግሌው በተቀበሩ በአራተኛው ቀን ነው። ለቅሶ ቤት ሄጄ ለልጃቸው ነገርኳት። «ምን ያደርግልኛል» አላለችኝም፤ አመሰገነችኝ። እኔ ግን ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።