የእናቱን ዓይን ማን ወሰደ

ሰፈራችን ውስጥ ፀጉር አስተካካዩን የሚያማ የለም። እጁ ቀላል፣ አፉ ቁጥብ ነው። አንድ ነገር ብቻ አለበት፤ የታናሽ ወንድሙን ልጅ ዓይን ማየት አይወድም።

የልጅቷ ዓይን ግራጫ ነው፤ የሟች አያቷ ዓይን። ሁለቱ ወንድማማቾች ግን ዓይናቸው ከሰል ነው። ያቺ አያት፣ የሁለቱ እናት፣ ሰባት ዓመት አልጋ ላይ ስትተኛ ያገላበጣት፣ ያጠባት፣ ያጎረሳት ታላቁ ነው። ታናሹ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ በወር አንዴ ብርቱካን ይዞ ይመጣና ግንባሯን ስሞ ይሄድ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ አምስት ወለደ። እያንዳንዳቸውን መስኮት አጠገብ ወስዶ ዓይናቸውን አየ፤ ሁሉም ጥቁር። ሹፌሩ አንዲት ሴት ልጅ ወለደ፤ ግራጫ።

«መምህር፣ እኔ አስታመምኳት፣ ዓይኗን ለሱ ሰጠች» አለኝ አንድ ቀን፣ ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ሳለ። በእንዲህ ያለ ሰዓት ሰው አይከራከርም። ምላጩን ሲያነሣ ግን ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩትን ባዮሎጂ አወጣሁ።

«ነገሩ ከዚህ ይወሳሰባል፤ ቀለል አድርጌ ልንገርህ። ለእያንዳንዱ ባሕርይ ከአባት አንድ፣ ከእናት አንድ ቅጂ እንወስዳለን፤ አሊል ይባላል። የጥቁሩ አውራ ነው፤ አንዱ ብቻ ቢኖር ይበቃዋል። የግራጫው ድብቅ ነው፤ ካልተጣመረ አይታይም። የእናታችሁ ሁለቱም ቅጂዎች የግራጫው ስለነበሩ ለአንተም ለሱም እኩል አንድ አንድ ሰጥታለች።»

«የኔ የታለ ታዲያ?»

«ውስጥህ ነው። የወንድምህ ሚስትም ድብቁ ስለነበራት ልጃቸው ላይ ተገናኙ።»

ፊቱ በራ። ደስታው ግን አንድ ሌሊት አላደረም። በማግሥቱ ሚስቱ በአጥር በኩል ጠራችኝ።

«መምህር፣ ምን አስተማሩብኝ? ‹አንቺ ዘንድ ድብቅ ስለሌለ ነው› ይለኛል። የደበቅሽው የለም ብሎ የሚጣላ ባል የት አገር አለ?»

አፈርኩ። ቅናት ማስረጃ ሲያቀርቡለት ቤት ይለውጣል እንጂ አይሞትም፤ ይህን መጽሐፍ አላስተማረኝም።

ሹፌሩ ልጁን ፀጉር የሚያስቆርጣት ወንድሙ ዘንድ ብቻ ነው። ወረፋ ስጠብቅ አየሁ፤ ኋላዋን አሳምሮ ይቆርጥና ግንባሯ ላይ የሚወርደውን እስከ ቅንድቧ ታች ይተወዋል። «ፋሽን ነው» ይላል። ልጅቷ እንደ መጋረጃ በእጇ እየገለጠች ትሄዳለች። ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ ግን ሹፌሩ እጇን ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ሰሌዳው አይታያትም ብለውኛል። ያን ግንባሯን አንሣላት። ነይ እማዬ፣ ተቀመጪ።»

«እማዬ» ሲል የፀጉር አስተካካዩ መንጋጋ ሲጠብቅ በመስታወቱ አየሁ። መቀሱን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ።

«ሰባት ዓመት ውሃ ያጠጣኋት እኔ ነኝ» አለ፣ ወደ ወንድሙ ሳይዞር።



«አውቃለሁ» አለ ሹፌሩ። «እሷን ሳይ እኮ እኔም የማስበው ያንኑ ድካምህን ነው። ቤቴ ሥር ሦስት ፀጉር ቤት አለ፤ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ወደ አንተ የማመጣት ለምን መሰለህ?»

ታላቁ መቀሱን እንደገና አነሣ። በግራ እጁ የልጅቷን አገጭ ቀና አድርጎ ቆረጠ፤ ጥቂት፣ ደግሞ ጥቂት። ሁለቱ ግራጫ ዓይኖች ሲወጡ እጁ ቆመ፤ ረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ አንገቷን ጠረገላት።

እነሱ ከወጡ በኋላ ተራዬ ደርሶ ተቀመጥኩ። ፎጣውን እያሰረልኝ፣ «መምህር፣ አሁንም እቀናለሁ» አለ። «በወር አንዴ ግን ያምጣት።»