እናቴ የተሳለመችው በር

የናፍጣ ጀኔሬተር ሲንደቀደቅ በሰማሁ ቁጥር፣ ከገጠሩ ከብልባላ ነቅለን ላሊበላ የገባንበት ክረምት ከነንዴቱ ይመጣብኛል። አባቴ ድንጋይ ጠራቢ ነበርና፣ መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ እንደ አሸን በሚፈሉትና በጀኔሬተር በሚበሩት ሆቴሎች ሥራ አግኝቶ፣ ጓዛችንን በአህያ ጭኖ፣ እናቴንና እኔን አስከትሎ አመጣን።

ላሊበላ ከተማ ነኝ ይበል እንጂ ጭቃው ከብልባላ ጭቃ የባሰ ነበር። ነዋሪው ግን እዚያው ጭቃ ውስጥ ቆሞ ይንቀን ነበር። መንገድ ስንጠይቅ «ከሆቴሉ ዞር ብላችሁ፣ ከሌላው ሆቴል በታች» ይለናል፤ የትኛው ሆቴል ስንል ደግሞ «ጉድ እኮ ነው! ከየት ነው የመጣችሁት?» ብሎ ይስቃል። በለቃቀማት እንግሊዝኛ ፈረንጅ ሲለማመጥ የሚውል ጎረምሳ ሁሉ የአገሩን ገበሬ ሲያይ ይኮፈስ ነበር።

እናቴ አገር የምትለምደው በቤተ ክርስቲያን ነው፤ ተሳልማ ያለፈችውን መንገድ አትረሳም። ብልባላ ደግሞ ተጠርቦ መስቀል የተቀረጸበት ድንጋይ ካየን ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? መስከረም ላይ ወደ ቅዳሜ ገበያ ስንወርድ እንዲህ ያለ በር አየችና፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዝቅ ብላ ሳመችው።

ዘበኛው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እናትዬ፣ ይሄ ሆቴል ነው! ቢራ ነው የሚሸጥበት!» ብሎ በረንዳው ላይ የተቀመጡትን አስጎብኚዎች ጠራ። አንዱ ከይሲ እንግዳው ፎቶ እንዲያነሳት ብሎ እንደገና ሳሚው አላት። እናቴ ዘንቢሏን አንስታ፣ ገበያውን ትታ ተመለሰች።

በሩን ከጠረቡት አንዱ አባቴ ነበር። ማታ ስትነግረው አንገቱን ደፋ። «መስቀሉን ለቢራ ቤት ቀረጽከው?» አለችው። «ቅረጽ ያሉኝን ነው የቀረጽኩት» አላት። «እንግዲያው አንተ እዚሁ ጥረብ። እኔ ለጥምቀት ብልባላ ነኝ፣ ልጄንም ይዤ።»

ከዚያ ወዲያ ከቤት አልወጣም አለች። አባቴ ሥራውን ጥሎ እንደማይከተላት አውቅ ስለነበር ቤታችን ሊፈርስ ነው ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ጥቅምትና ኅዳርን ከትምህርት ቤት ስለቀቅ ሰፈሩን እያካለልኩ፣ ከቤተ ጊዮርጊስ እስከ ዮርዳኖስ ወንዝ ማዶ፣ የቱ በር የእግዜር፣ የቱ የነጋዴ እንደሆነ ለየሁ። ከዚያ እናቴን ለምኜ፣ እጇን ይዤ እያወጣሁ «እማዬ፣ እዚህ ተሳለሚ፤ ይሄኛው ምግብ ቤት ነው፣ እለፊው» እላት ነበር። ታላቅ ሴት በእኔ በትንሿ እየተመራች ስትሄድ ያንን ከተማ ከልቤ ጠላሁት።

ለገና ተሳላሚው ከየአገሩ ጎርፎ መንገዱ ሲጣበብ፣ ከቤተ ገብርኤል በላይ እጇ ከእጄ አመለጠ። ሮጬ ስደርስባት ቀና ሳትል አልፋው ነበር።

«እማዬ፣ ገብርኤል እኮ ነው!» አልኳት።

«ምን አውቄ ልጄ፣ ሆቴል ይሆናል ብዬ» አለች።

ለጥምቀት ብልባላ አልሄደችም። ከተማውን ለመደች፣ ቤታችንም ሳይፈርስ ቀረ፤ እኔም ያኔ ያሸነፍን መስሎኝ ጮቤ ረገጥኩ።

ዛሬ የላሊበላን ጓዳ ጎድጓዳ ከእኔ አብልጣ ታውቀዋለች፤ ያ ኩሩ ሕዝብም «እትዬ» እያለ መንገድ ይጠይቃታል። ብልባላ ሳለን ስትሳለም ዓለም ቢሰበሰብ ዞር ብላ አታይም ነበር። ዛሬ ግን በደንብ በምታውቀው ደጀ ሰላም ላይ እንኳ፣ ከመስገዷ በፊት የሚስቅ ሰው ይኖር እንደሆነ ግራ ቀኟን ታያለች።