ከቡታን ንጉሥ ታሪክ ላይ የሰረዝኩት አንቀጽ

ልጅ ሳለሁ ቡታን የሚባል አገር መኖሩን ያወቅሁት ቦንጋ ውስጥ፣ ዝናብ ጣሪያውን ሲደበድበው የመምህሩ ድምፅ በማይሰማበት ሰባተኛ ክፍል ነው። የሥነ ዜጋ መምህራችን ጋሽ ተስፋዬ ሁለት ሁለት አድርገው መደቡንና ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ አገር ሰጥተው ስለ አስተዳደሩ ጻፉ አሉን። ለእኔና ለአስቴር የደረሰችን በሂማላያ ተራሮች መሀል ያለችው ቡታን ነበረች። ጥሩ የሠራ በወላጆች ቀን ሰንደቁ ሥር ቆሞ ያነባል ተባለ።

አባቴ ከወሎ መጥቶ ገበያው ዳር ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ስለነበር አፌን የፈታሁት በአማርኛ ነው። አስቴር ግን አፏን በካፋዎች ቋንቋ በካፊኖኖ የፈታች፣ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የማንኪራ መንደር ልጅ ናት። ጫካውን አቋርጣ ስትመጣ ቀሚሷ እርጥብ ቅጠልና ማር ማር ይሸታል። አማርኛን የተማረችው ትምህርት ቤት በመሆኑ አንዳንዴ ወንዱን ሴት ታደርገዋለች፤ ያኔ ክፍሉ ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር።

ጋሽ ተስፋዬ ያዋሱንን መጽሔት ሁለት ገጽ አንብቤ ሱዚ ልዘል ወጣሁ። እሷ ሳምንቱን ሙሉ አነበበችው። ያልገባትን ቃል እሳቸውን እየጠየቀች አራት ገጽ ጻፈች፦ ንጉሡ ከጎረቤት አገር መምህራን እንዳስመጡ፣ ሕግ እንዳስጻፉ፣ ፍርድ ቤት እንዳቋቋሙ፣ ኋላም ሸንጎው እሳቸውን ራሳቸውን ከዙፋን ማውረድ እንዲችል ሥልጣን እንደሰጡት። ከሥር መጽሔቱ ላይ የሌለ አንቀጽ ጨምራለች። በድሮው የካፋ መንግሥትም ንጉሡ ያለ አማካሪዎቹ እንደማይወስን አያቷ ነግረዋት ኖሯል፤ አማካሪዎቹ ንጉሡን ዝም ያሰኙበትን አንድ ቀን ሳይቀር።

አማርኛውን እንዳርምላት ሰጠችኝ። አረምኩት። የአያቷን አንቀጽ ግን የሽማግሌ ወሬ ነው ብዬ ሰረዝኩት።

«አንቺ ካነበብሽው ይስቁብናል፤ እኔ ላንብበው» አልኳት።

«እሺ» አለች።

በወላጆች ቀን አነበብኩ፤ ተጨበጨበልኝ። ርእሰ መምህሩ ስንት ቀን እንደፈጀብኝ ሲጠይቁኝ «አንድ ሳምንት» አልኩ። አስቴር ከሰልፉ መሀል እያየችኝ ነበር። ስሟ አፌ ላይ ደርሶ፣ አባቴ ከወላጆቹ ጋር ቆሞ ፈገግ ሲል ሳየው ዋጥኩት። ጋሽ ተስፋዬ ቃላቱን ማን እንደጠየቃቸው ያውቃሉ። ትክ ብለው አዩኝ፤ ራሴ እስክናገር ይጠብቁኝ የነበረ ይመስለኛል። መዝገበ ቃላት ተሸልሜ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

አስቴር አልተጣላችኝም። ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት ብቻ ተወች። ስምንተኛን ጨርሳ ማንኪራ ቀረች።

ዛሬ እዚያው ቦንጋ የታሪክ መምህርት ነኝ። አምና የአካባቢውን ታሪክ ከሽማግሌዎች እንድንሰበስብ ስንታዘዝ ማንኪራ ሄድኩ። አስቴርን ቡና ስታሰጣ አገኘኋት። ይቅርታ ጠየቅኳት። ከዚያም፣ እያፈርኩ፣ ያን የአያቷን ነገር እንድትደግምልኝ ለመንኳት።

«ይቅርታሽስ ይሁን» አለች እጇን ከቡናው ላይ ሳታነሳ። «ነገሩን ግን ረሳሁት። ጽፌዋለሁ፣ ይቀመጥልኛል ብዬ ነበር። አያቴም የሉም።»

አሁን የቦንጋ ልጆች ንባብ የሚጀምሩት በካፊኖኖ ነው። ክፍሌ ውስጥ አንዱ ተነስቶ በአማርኛ ሲናገር ወንዱን ሴት ቢያደርግ የሚስቅበት የለም፤ አያቱ የነገሩትን ካነሳማ ሁላችንም ጆሯችንን እንሰጠዋለን። ደስ ይለኛል። የእኛ ዘመን እንዲህ ቢሆን ኖሮ እያልኩ በዘመኑ ላይ ላሳብብ ይቃጣኛል። እስክሪብቶውን የያዝኩት ግን እኔ ነበርኩ።