ለእሳቸው ትልቁን፣ ለእኔ ትንሹን

ሰው ሁሉ «ተኳሿ» ይላታል። ስሙን መጀመሪያ የሚሰማ ሰው ወታደር ቤት የነበረች ይመስለዋል፤ እሷ ግን ከካውያ በቀር መሣሪያ ይዛ አታውቅም። በአንድ ላውንደሪ የኋላ ክፍል፣ እንፋሎቱ መስኮቱን በሚያረጥብበት ጥግ ቆማ፣ የሰው ሸሚዝና አንሶላ ስትተኩስ ነው ጸጉሯ የሸበተው። ኮሌታን ሁልጊዜ ከጫፍ ወደ መሐል ትተኩሳለች፤ እጅጌ ላይ መስመር የሚያወጣ ሰው አይጥማትም። ስትሠራ አታወራም። ወሬውን የምትችልላት የባሏ እህት ናት፤ እሷ እዚያው አጠገቧ የተተኮሰውን እያጠፈች በላስቲክ ታሽጋለች።

ባሏ መካኒክ ነበር። ልጃቸው ገና ድክ ድክ ማለት ሲጀምር አባትየው ታሞ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ተኳሿ ቤቷን ያስተዳደረችው «ትልቁ ያዋጣል» በሚል አንድ መርሕ ነው። ሳሙና ስትገዛ ትልቁን ካርቶን፣ ዘይት ስትገዛ ትልቁን ጀሪካን ነው። ለልጇ ጫማ ስትገዛም ከእግሩ የሚተልቀውን መርጣ ጫፉ ላይ ጨርቅ ትጠቀጥቅበታለች። የባሏ እህት በዚህ ትስቅባት ነበር። «ልጁ ለጫማው ሲደርስ ጫማው ለልጁ አይደርስም» ትላታለች። ተኳሿ በሚቀጥለው ጊዜም ትልቁን ትገዛለች።

ልጁ አድጎ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆነ። አንድ ቀን ከሥራ ገብቶ እጁን እየታጠበ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ ሊያገባት የሚፈልጋት ልጅ እንዳለች ነገራት። ልጅቷ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። አባቷ ከቤት ከወጣ ቆይቷል፤ ያሳደገቻት እናቷ ስትሆን፣ በአንድ ክሊኒክ አዋላጅ ናት። እናትየዋ ከእሱ እናት ጋር መተዋወቅ እንደምትፈልግ ጨመረላት። ተኳሿ ደስ አላት፤ ግን ወዲያው ቀና ብላ ኮርኒሱን አየች። ዝናብ አስገብቶ ከመሐሉ ተገምሷል፣ ልጇ እየቀየረው ያለው የመብራት ሽቦም እንደ አንጀት ተንጠልጥሏል። እዚህ ቤት እንግዳ አይገባም አለች። የልጅቷ እናትም ወደ ቤቷ ኑ አላለችም። ተኳሿ ይህን ከኩራት ቆጠረችው፤ ሐኪም ቤት የምትሠራ ሴት ቤቷን ለማንም አትከፍትም ብላ አሰበች። በመጨረሻ ልጆቹ ተማክረው ከላውንደሪው ትንሽ አለፍ ብሎ ባለው ካፌ እንዲገናኙ አደረጉ።

ተኳሿ እዚያ ካፌ ገብታ አታውቅም። ባለቤቱ የጠረጴዛ ልብሱን እሷ ዘንድ ያስተኩሳል፤ ጨርቁን ታውቀዋለች፣ ጠረጴዛውን ግን አላየችውም። በማታውቀው ቦታ ምን እንደምታዝ ሳታውቅ እንግዳ ፊት መቀመጡ ጨነቃት። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት በምሳ ሰዓት የባሏን እህት አስከትላ ቦታውን ልታይ ሄደች።

ከባንኮኒው በላይ በተሰቀለው ሰሌዳ ላይ ሦስት ብርጭቆ ተሥሏል፤ ሥሩ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ ይላል። ተኳሿ ዋጋቸውን አስተያየች። ከመካከለኛው ወደ ትልቁ የሚጨመረው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ብርጭቆው ግን በጣም ይተልቃል። ሳታመነታ ትልቁን ቡና በወተት አዘዘች። የመጣላት ብርጭቆ በሁለት እጅ የሚነሳ ነበር። አንድ ጊዜ ተጎነጨች፣ ሁለተኛም ደገመች። ወተት ነው፤ ቡናው በሩቁ ሰላም ብሎት ያለፈ ይመስላል።

አስተናጋጇ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ጠና ያለች ሴት ናት። ተኳሿ ጠራቻትና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቡናው የት እንደገባ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ አልተቀየመችም፤ ይህን ጥያቄ የለመደችው ይመስላል። እጇን ጠረጴዛው ላይ ደግፋ አስረዳቻት።

«ትንሹም መካከለኛውም ውስጥ የሚገባው ቡና አንድ ልክ፣ አንድ ሲኒ ያህል ነው። መካከለኛው ላይ የሚጨመርልዎት ወተት ነው። ትልቁ ሁለት ልክ አለው፤ ወተቱ ስለሚበዛ ነው የማይታወቀው። ቡና ከፈለጉ ትንሹ ይበቃዎታል።»

«ቀዝቃዛውስ?»

«እሱ ግማሹ በረዶ ነው። በረዶ ቀንሱልኝ ካሉ እንቀንሳለን፤ ማንም አይልም እንጂ።»

«እንግዲያ የሚያዋጣው የትኛው ነው?»

«ጠጥተው የሚጨርሱት» አለችና ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደች።

ተኳሿ መጨረስ አልቻለችም። የባሏ እህት አገዘቻት፤ እሷም አቃታት። የቀረውን በወረቀት ኩባያ አስገልብጣ ወደ ሥራዋ ይዛው ተመለሰች። ካውያው አጠገብ ቆይቶ ላዩ ላይ ስስ ቆዳ አወጣ፤ በኋላ መታጠቢያው ውስጥ ደፋችው። ነገሩን ግን አልረሳችውም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉ፣ ስንት ጊዜ ለወተት እንደ ቡና ከፍዬ ይሆን ብላ አሰላሰለች፤ ካፌ ከዚያ በፊት እንዳልገባች ትዝ ሲላት ግን ተረጋጋች።

ቀጠሮው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ተኳሿ ሰማያዊ ቀሚሷን ራሷ ተኩሳ ለበሰች፤ ዝንብ ብታርፍበት የሚያዳልጣት ሆነ። አዋላጇ ረጅም ሴት ናት፤ ጸጉሯን አሳጥራ ተቆርጣለች፤ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ሰላምታ ተለዋወጡ፣ የልጆቻቸውን ሥራ ተጠያየቁ። ልጆቹ ጭማቂ አዝዘው፣ እናቶቹ እንዲጫወቱ ብለው ወደ ሌላ ጠረጴዛ ተዛወሩ። አስተናጋጇ ወደ እናቶቹ ስትዞር አዋላጇ ሰሌዳውን አየት አድርጋ፣ «እሳቸው እንዳዘዙ» አለች።

ተኳሿ አጣብቂኝ ውስጥ ገባች። ትንሹ እንደሚበቃ ታውቃለች። ግን ለእንግዳ ትንሹን ማዘዝ ስስት ይመስላል፤ ያውም የልጇ አማት ልትሆን ለምትችል ሴት። ለራሷ ደግሞ ትልቁን ብታዝ አትጨርሰውም። ስለዚህ፣ «ለእሳቸው ትልቁን፣ ለእኔ ትንሹን» አለች። አስተናጋጇ በመነጽሯ ላይ አሻግራ አየቻትና ሄደች።

ቡናው መጣ። አዋላጇ አመስግና ጀመረች፤ አላቋረጠችም። እየጎነጨች ስለ ሠርጉ አወራች፣ ብርጭቆው እስኪጎድል ጠጣች። ተኳሿ የመረጥኩላት ወደደችው ብላ ደስ አላት። ትንሽ ቆይቶ ግን የአዋላጇ መልስ እያጠረ ሄደ። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። ማንኪያዋን ስታስቀምጥ ከሳህኑ ጋር ተንቀጫቀጨ። ተኳሿ ልጆቹ የት ሊኖሩ እንዳሰቡ ስትጠይቃት፣ «ይታሰብበታል» ብላ ብድግ አለች። ሥራ አለብኝ አለች፤ ጨብጣት ስትወጣ እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዝምታ ሆነ። ልጅቷ ልጁን «እናቴ ምንም አልነገረችኝም፣ ስለዚያ ቀን ስጠይቃት ወሬ ትቀይራለች» አለችው። ልጁም ቤት እየገባ አንገቱን ደፍቶ ይበላና ይተኛል። የባሏ እህት ፍርዷን ወዲያው ሰጠች፤ ንቀውናል፣ አለቀ። ተኳሿ ግን በራሷ ፈረደች። ለራሷ ትንሹን ማዘዟ ድህነቷን ያሳበቀባት መሰላት። አንድ ጠዋት ይህን ስታብሰለስል ካውያውን ሸሚዝ ላይ ረሳችው፤ ኮሌታው ቡን ብሎ ተቃጠለ። እንዲህ ያለ ነገር ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። ሽርጧን ፈታች፣ ለባሏ እህት መጣሁ አለቻትና ወደ ክሊኒኩ ሄደች።

በር ላይ ያለው ዘበኛ ማንን ፈልገው ነው አላት። አዋላጇን አለች። ሰውየው ሽበቷን አየ፣ ሆዷን አየ፣ በጣቱ ወደ ውስጥ አሳያት። አግዳሚው ላይ ወር የገባላቸው ሴቶች ተደርድረዋል፤ እሷም ከእነሱ መሐል ቦታ አግኝታ ተቀመጠች። አዋላጇ ነጭ ካፖርቷን ለብሳ ስትወጣ አየቻትና ደነገጠች። ልጆቹ ደህና ናቸው ወይ ብላ ጠየቀች። ደህና ናቸው ስትላት ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል አስገባቻት፣ በሩን ዘጋች፣ እጇን ታጥባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

ተኳሿ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም። «አስቀይሜዎት ከሆነ ይንገሩኝ። ልጆቹ በእኔ ጥፋት አይለያዩ» አለቻት።

አዋላጇ፣ «እኔ እኮ ቡና አልጠጣም» አለች። «ከጠጣሁ ልቤ ከደረቴ ልትወጣ ትደርሳለች። ያን ቀን ማታ ዓይኔ ሳይከደን ነጋ።»

«ታዲያ ምን አስጠጣዎት?»

«ለራስዎ ትንሹን ይዘው ትልቁን ለእኔ አዘዙልኛ። ለእኔ ብለው ከራስዎ ያጎደሉ መሰለኝ። ትቼው ብሄድ ናቀችኝ አይሉም? ለልጄስ ምን ብዬ ልንገራት? አማትሽ በቡና ልትገድለኝ ነበር ልበላት?»

ተኳሿ ሳቋ አመለጣት። ሽርጥ የለም እንጂ ሽርጥ ቢኖር አፏን በሸፈነችበት ነበር። ትንሹን የወሰደችው ስለቸገራት እንዳልሆነ፣ አንድ ልክ ስለሚበቃትና ትልቁን መጨረስ እንደማትችል በዚያው ሳምንት ስላየችው እንደሆነ ነገረቻት። ትልቁ ውስጥ ደግሞ ሁለት ልክ እንዳለ፣ ይህን እያወቀች ለክብር ብላ እንዳዘዘችላት አልደበቀችም። አዋላጇ ይህን ስትሰማ እሷም ሳቀች። እኔ በዚህ ቤት የሰውን ሁኔታ ሳልጠይቅ መርፌ አንስቼ አላውቅም፣ እርስዎ ግን ሳይጠይቁ እጥፍ ሰጡኝ አለቻት። ውጭ የተቀመጡት ሴቶች ሳቁን ሰምተው አንዷ በተራዋ መዘግየት ተነጫነጨች።

ከዚያ ወዲያ የሆድ የሆዳቸውን አወሩ። አዋላጇ ቤቷ ያልጠራቻት በአንዲት ክፍል ከልጇ ጋር ስለምትኖር፣ ማድ ቤቷንም ከጎረቤት ጋር ስለምትጋራ ነው። ተኳሿ ኮርኒሷን ነገረቻት። አንዷ ለሌላዋ ቤት በምናቧ ምንጣፍ አንጥፋለት፣ መጋረጃ ሰቅላለት ነበር። ሲለያዩ ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» ተሻግረው ነበር፤ የትኛዋ እንደጀመረች ሁለቱም አያስታውሱትም።

በሌላ ጊዜ ለብቻቸው ካፌው ገቡ። አዋላጇ ትንሹን ሙቅ ወተት አዘዘች፣ ተኳሿ ትንሹን ቡና። አስተናጋጇ የሚያነቃው ነገር የወጣለት ቡና እንዳለ ነግራት አዋላጇ ቀመሰችው፤ ቡናነቱን ከሩቅ የሰማ ውኃ ነው አለች፣ ቢሆንም ጨረሰችው። ተኳሿ ከዚያ ወዲህ በሳሙናና በዘይት ሐሳቧን አልለወጠችም፤ ሳሙና እስከ መጨረሻው ይታጠብበታል፣ ዘይትም አይደፋም ትላለች። ላውንደሪው ውስጥ ያሉት ሴቶች ወደ ካፌው ሲሄዱ ግን የትኛውን እንግዛ ብለው ይጠይቋታል። እሷም ዋጋውን ሳይሆን፣ ተርበዋል ወይስ እንቅልፍ ነው የያዛቸው፣ ቁጭ ብለው ነው የሚጠጡት ወይስ ይዘው የሚሮጡት፣ ይህን ትጠይቃለች። ለተራበች መካከለኛውን፣ እንቅልፍ ለያዛት ትንሹን፣ ለሁለት ለሚካፈሉ ትልቁን ከባዶ ኩባያ ጋር ትመክራለች። የባሏ እህት ምክሩን ሰምታ አሁንም ትልቁን ለብቻዋ ትገዛለች፤ ወተት እወዳለሁ፣ ማን ከለከለኝ ትላለች። ተኳሿም ከልክላት አታውቅም።

ልጆቹ ተጋቡ። ሠርጉ ትንሽ ነበር። የተከራዩት ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ ከመግባታቸው በፊት ባለው እሑድ ሁለቱ እናቶች ሊያጸዱት ሄዱ። አዋላጇ የመስኮቱን መስታወት በጋዜጣ አሸች፣ ተኳሿ መጋረጃውን ሰቀለች፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው የድሮውን ቀለም ከወለሉ ላይ ፋቁ። ሲደክማቸው ገና ባልተፈታው የዕቃ ካርቶን ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አዋላጇ ማንም ሳይጠይቃት ስለ ባሏ ማውራት ጀመረች፤ እንዴት እንደሄደ፣ ልጅቷ በር በሩን ስታይ ምን ትላት እንደነበረ። ይህን ለሰው ተናግራው እንደማታውቅ ያስታውቃል፤ ቃሉን እየፈለገች ነበር የምታወጣው። ተኳሿ አላቋረጠቻትም፣ አላጽናናቻትምም። አዲሱ መጋረጃ በነፋሱ ገባ ወጣ ሲል ብርሃኑ ወለሉ ላይ ይሄዳል ይመጣል። አዋላጇ ስትጨርስ ተኳሿ እጇን ያዘችላት፤ ልጆቹ የቀረውን ዕቃ ይዘው እስኪመጡ ድረስ እንደዚያው ተቀመጡ።